ወደ አከርካሪ የተሰራጨ ካንሰርና ቀዶ ሕክምናው፦ ከጎጃም ታማሚዎችና አስታማሚዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካንሰር ያለበት ወይም ከዚህ ቀደም የታከመ ሰው እግሩ ከዛለ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ከደረት ወይም ከእምብርት በታች ከደነዘዘው፣ ሽንት አልወጣ ካለው ወይም ካመለጠው ይህን ገጽ አንብቦ መጨረስ አያስፈልግም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይድረስ። ሌሎቻችሁ ቀጥሉ።

እናቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጡት ካንሰር ታክማ ድና ነበር። አሁን ጀርባዬን አመመኝ ትላለች። ተራ ሕመም መሆኑን በምን እንለያለን?

እንስራ ሲሸከም፣ ሲያርም፣ ሲያጭድ የኖረ ሰው ወገቡን ማመሙ የተለመደ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ቤተሰቡም ጤና ጣቢያውም «የሥራ ሕመም ነው» ብሎ ያልፈዋል። የካንሰር ሕመም ግን ጠባዩ ይለያል። ሌሊት ይብሳል፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲያምጡ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚያመው ታችኛው ወገብ ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ በትከሻ አጥንቶች መካከል ወይም በመሐል ጀርባ ነው፤ ወደ አከርካሪ ከሚሰራጨው ካንሰር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያርፈው በደረት ጀርባ ባሉት አንጓዎች ላይ ነውና። ደረትን ወይም ሆድን ዙሪያውን እንደ መቀነት ጥብቅ አድርጎ የሚያስር ሕመም ከሆነ ደግሞ ነርቭ እየተነካ ነው ማለት ነው። ሌላው ምልክት ሲቆሙና ሲቀመጡ የሚብስ፣ በጀርባ ሲተኙ ጋብ የሚል ሕመም ነው፤ ይህ አጥንቱ ሸክም መያዝ እንዳቃተው ያሳያል።

ህብለ ሰረሰራቸው (በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ከተጨነቀባቸው ታማሚዎች ከ10ሩ 9ኙ እግራቸው ከመዛሉ በፊት ለሳምንታት ሕመም ነበራቸው። ስለዚህ እናትዎ ጀርባዋን ማመም ከጀመራት ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚነገረው «ካንሰር ታክማ ነበር» የሚለው ነው። ካልነገሩት ማስታገሻ ጽፎ ሊሸኛት ይችላል።

ከጡት ወይም ከፕሮስቴት ተነሥቶ እንዴት አከርካሪ ላይ ይደርሳል?

በደም ሥር። የአከርካሪ አንጓዎች ውስጣቸው ደም በሚያመርት መቅኒ የተሞላ ነው፤ ከዳሌና ከደረት የሚመጡ የደም መልስ ሥሮችም ከአከርካሪው ጋር ይገናኛሉ። በብዛት የሚመጣው ከጡት፣ ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊትና ከእንቅርት ዕጢ ካንሰር ነው። ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የአንጓውን የፊት ክፍል፣ ሸክም ተሸካሚውን ነው። አንጓው ሲደረመስ ስብርባሪውና ዕጢው ወደ ኋላ ተገፍቶ ህብለ ሰረሰሩን ይጫናል፤ የደም ዝውውሩንም ይዘጋል። ደም ያጣ ነርቭ ከሞተ ደግሞ አይመለስም።

ራጅ ተነሥቶ «ምንም የለም» ተባልን። ይበቃል?

አይበቃም። በራጅ ላይ ቀዳዳ እስኪታይ ድረስ ከአጥንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶው መጥፋት አለበት። የሚያስፈልገው ኤም አር አይ ነው፤ እሱም የሚያመው ቦታ ብቻ ሳይሆን መላው አከርካሪ ይነሣ። ከታማሚዎች ሲሶ ያህሉ ዕጢው ከአንድ በላይ ቦታ ላይ አለባቸው፤ ሐኪሙ አንዱን ብቻ አይቶ ብሎን ቢያስር ከበላዩ ያለው ሌላው አንጓ ሊደረመስ ይችላል። ወጪው ከባድ ስለሆነ «የወገቡን ብቻ እናንሣ» የሚል ቤተሰብ አለ፤ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ግን ወጪው ይበልጣል።

ከኤም አር አዩ ጋር የደም ምርመራ ያስፈልጋል፦ የደም መጠን፣ የኩላሊት ሥራ፣ የደም ዓይነት፣ በተለይም ካልሲየም። አጥንት በካንሰር ሲበላ ካልሲየሙ ወደ ደም ይገባል፤ ታማሚው ይጠማዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ይቃዣል። ይህ በደም ሥር በሚሰጥ የጨው ፈሳሽ (ሳላይን) እና በመድኃኒት ሳይስተካከል ወደ ማደንዘዣ አይገባም። ለወንድ አዛውንት የፕሮስቴት ምርመራው (ፒ ኤስ ኤ) አይዘለል።

ሐኪሙ «የአጥንት ቲቢም ሊሆን ይችላል» አለን። ካንሰሩ የታወቀ ሆኖ ለምን ይህ ይነሣል?

ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ነው፤ ክብደት መቀነስ፣ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል በሁለቱም አለ። በምስል ላይ የሚለይበት መንገድ አለ። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አንጓዎች መካከል ያለውን ዲስክ በልቶ ጎረቤታሞቹን አንጓዎች አንድ ላይ ያበላሻል፣ መግልም ይቋጥራል። ካንሰር ግን ዲስኩን ይተወውና አንጓውንና ከአንጓው ወደ ኋላ የሚወጣውን የአጥንት ድልድይ ይይዛል። ጥሬ ወተት ለሚጠጣ ሰው ብሩሴላም (ከከብት ወተት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን) አብሮ ይታሰባል።

ሆኖም ምስል ብቻውን አይፈርድም። ከአጥንቱ ናሙና መወሰድ አለበት፤ ናሙናውም ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ለፓቶሎጂ (ካንሰር መሆኑን ለሚለየው ምርመራ) በፎርማሊን፣ ሌላው ፎርማሊን ሳይነካው ለጂን ኤክስፐርት (ለቲቢ ምርመራ) ይላክ። ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ መክተት በተደጋጋሚ የሚደርስ ስሕተት ነው። የአከርካሪ ቲቢ መድኃኒት 12 ወር ይወሰዳል፤ ናሙና ሳይወሰድ «እስቲ እንሞክረው» ተብሎ ተጀምሮ ሁለት ወር ሲጠበቅ የካንሰር ታማሚው እግር ይከዳል። የተገላቢጦሹም ያሳዝናል፤ በመድኃኒት የሚድን የቲቢ ታማሚ «ካንሰር ነው፣ ውሰዱት» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ቀዶ ሕክምናው ካንሰሩን ያድነዋል?

አያድነውም፤ ይህን ሐኪሙ ሳይሸፍን ሊነግራችሁ ይገባል። ወደ አከርካሪ የደረሰ ካንሰር በደም ተሰራጭቷል። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ለሦስት ነገር ነው፦ ህብለ ሰረሰሩን ከጫና ለማላቀቅ፣ የላላውን አጥንት በብረት ለማጽናት፣ ሕመሙን ለማስታገስ። በቀላል ቋንቋ፣ ሰውየው የቀረውን ዕድሜ በእግሩ እየሄደ፣ ሽንቱን እየተቆጣጠረ እንዲኖር ነው።

ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 101 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹ ጨረር ብቻ፣ ግማሾቹ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ወሰዱ። ከሕክምናው በኋላ መራመድ የቻሉት በጨረር ብቻ 57 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምናው 84 በመቶ ነበሩ። መራመድ ካቆሙት መካከል ተመልሰው የተራመዱት በጨረር ብቻ 19 በመቶ ሲሆኑ በቀዶ ሕክምናው 62 በመቶ ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ ጥናቱ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ከከዳ ከ48 ሰዓት ያለፋቸውን ሰዎች አልተቀበለም። ከደጀን ማዶ ያለ ሆስፒታል ለመድረስ ሦስት ቀን የፈጀ ሰው ይህ ቁጥር የእሱ አይደለም።

ለማን ይሠራል፣ ለማንስ አይሠራም?

ሐኪሞቹ አራት ነገር ያመዛዝናሉ፦ ነርቩ ምን ያህል ተጨንቋል፣ ዕጢው ለጨረር ይበገራል ወይ፣ አጥንቱ ጸንቷል ወይስ ላልቷል፣ ሰውየው አቅሙ እንዴት ነው፤ ካንሰሩስ ሌላ የት የት ደርሷል። የአጥንቱን ጽናት ለመለካት ከ18 የሚሰጥ ነጥብ አለ። እስከ 6 ያለው የጸና ነው፤ ከ7 እስከ 12 አጠራጣሪ ነው፤ 13ና ከዚያ በላይ የላላ ስለሆነ ጨረር ብቻውን አይረዳውም፤ ጨረር ዕጢ ይገድላል እንጂ የተሰበረ አጥንት አያቆምም።

በአብዛኛው ቢያንስ ሦስት ወር ይኖራል ተብሎ የማይጠበቅ ሰው ከባድ ቀዶ ሕክምና ውስጥ አይገባም፤ ቁስሉ ሳይሽር ጊዜው ያልፋልና። የንፍፊት ካንሰር (ሊምፎማ) እና የመቅኒ ካንሰር (ማየሎማ) ለጨረርና ለመድኃኒት ቶሎ ስለሚበገሩ አጥንቱ ካልላላ ቢላ አያስፈልጋቸውም።

ስለ ፕሮስቴት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ለገጠር አዛውንት ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን ነው፤ የዘር ፍሬዎቹ በቀላል ቀዶ ሕክምና ሲወጡ ሆርሞኑ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። የአጥንት ሕመሙ በቀናት ውስጥ የሚቀልላቸው ብዙ ናቸው። ከዚህ ቀደም የሆርሞን ሕክምና ላልጀመረ ታማሚ ከጨረር ወይም ከአከርካሪው ቀዶ ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ይደረጋል። አዛውንቶች ሲሰሙት ያፍራሉ፤ ልጆቻቸው ደፍረው ሊያወያዩአቸው ይገባል።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ እንዴት ነው የሚሠራው?

በብዛት የሚሠራው ከጀርባ በኩል ነው። ታማሚው በሙሉ ማደንዘዣ በደረቱ ይተኛል። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ፀረ ባክቴሪያ በመርፌ ይሰጣል። ትክክለኛው አንጓ በራጅ ተቆጥሮ ይረጋገጣል፤ የደረት አንጓዎች ስለሚመሳሰሉ የተሳሳተ አንጓ መክፈት የታወቀ አደጋ ነው። ከዚያ ከታመመው አንጓ በላይ ሁለት፣ በታች ሁለት ጤነኛ አንጓዎች ላይ በግራና በቀኝ የቲታኒየም ብሎን ይገባል፤ ስምንት ብሎን ማለት ነው። ከህብለ ሰረሰሩ ጀርባ ያለው የአጥንት ክዳን ይነሣል፣ የሚጫነው ዕጢ ዙሪያውን ይለቀማል፣ ብሎኖቹ በሁለት ዘንግ ይታሰራሉ። የፊተኛው አንጓ ጨርሶ ከተበላ በቦታው የብረት ቅርጫት ወይም ሲሚንቶ ይገባል። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ብረት ይገባል ወይ?» ዕጢው ከፊት ሆኖ የኋላ ክዳኑን ብቻ አንሥቶ ያለ ብረት መዝጋት ለብዙ ታማሚዎች ጉዳት ነው፤ የፊቱ በካንሰር የኋላው በቢላ ከፈረሰ አከርካሪውን የሚይዘው የለም። ብረቱ በሆስፒታሉ ከሌለ ቤተሰብ ከውጭ እንዲገዛ ሊታዘዝ ይችላል፤ ዋጋው ከባድ ስለሆነ ገና ሪፈር ሲጻፍ መጠየቁ ይበጃል።

ነርቭ ሳይነካ አንጓው ብቻ ተደርምሶ የሚያሠቃይ ከሆነ በወፍራም መርፌ የአጥንት ሲሚንቶ መጨመር ይቻላል። ሥራው አጭር ነው፣ ሕመሙ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። የአንጓው የኋላ ግድግዳ ከተሰበረ ግን ሲሚንቶው ወደ ነርቩ ሊፈስ ይችላል።

አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎልናል። ታማሚውን እንዴት እንውሰደው?

የሚጎዳው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። የላላ አከርካሪ ያለውን ሰው በሚኒባስ ወንበር ላይ አስቀምጦ ያን ጠመዝማዛ ማውረድ በእግሩ የወጣውን ሰው በቃሬዛ ማድረስ ነው።

አምቡላንስ ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ ካልተገኘ ታማሚው በጀርባው ቀጥ ብሎ የሚተኛበት መኪና ይፈለግ። ከገጠር ወደ አስፋልት ሲወጣ የሚረግብ ጨርቅ ሳይሆን ጣውላ ያለው ቃሬዛ ይሁን። ሲያነሡት ወይም ሲያገላብጡት ሦስት ወይም አራት ሰው በአንድ ትእዛዝ ራስን፣ ትከሻን፣ ዳሌንና እግርን እኩል ያዙር፤ ወገቡ አይጠምዘዝ። ዕጢው አንገቱ ላይ ከሆነ የአንገት ድጋፍ ሳይታሰር አይነቃነቅ። ሽንት ካልወጣው ከመንገድ በፊት ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ይግባለት። ማስታገሻው ከመነሣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ይሰጠው። በየሁለት ሰዓቱ መኪና አቁማችሁ ጎኑን ቀይሩለት፤ የደነዘዘ ሰው መቀመጫው በአንድ ቀን ጉዞ ሊቆስል ይችላል። ከባህር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ተኝቶ የሚሄድ ታማሚ ግን የሐኪም ማረጋገጫና የቅድሚያ ዝግጅት ይፈልጋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ሪፈር የጻፈው ሐኪም ተቀባዩን ሆስፒታል በስልክ ያነጋግር። የነርቭ ቀዶ ሐኪም መኖሩ፣ አልጋ መኖሩ ሳይታወቅ ሄዶ በር ላይ ማደር ያችኑ ወርቅ የሆነች ቀን ይበላል። ፈለገ ሕይወት፣ ጥበበ ግዮን ወይም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ካርድ ካላችሁ ማጠቃለያውን፣ የፓቶሎጂ ውጤቱንና የኤም አር አዩን ሲዲ ያዙ፤ ወረቀቱ ብቻ ለቀዶ ሐኪም አይበቃም። የጤና መድን አባል ከሆናችሁ የታደሰ ደብተርና በተዋረድ የመጣ ሪፈር አይረሳ።

ዴክሳሜታዞን ታዘዘ። ምንድን ነው? በጾም እንዴት ይወሰዳል?

በህብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ያለውን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ወይም ጨረሩ እስኪደርስ ጊዜ ይገዛል። የተለመደው መጠን በቀን 16 ሚሊ ግራም ነው። በቀን ሁለቴ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓትና ቀን 8 ሰዓት ይሁን፤ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል። ጨጓራ ስለሚያቆስል ከምግብ በኋላ፣ ጨጓራ ከሚጠብቀው ኦሜፕራዞል ጋር ይወሰዳል። በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ከዚህ መድኃኒት ጋር አይሄድም፤ ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ይፈቅዳሉ፣ ቀድማችሁ ጠይቋቸው። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ በየቀኑ ይለካ።

ካንሰሩ ሊምፎማ ሊሆን ይችላል ከተባለና የእግር መዛል ከሌለ መድኃኒቱ ከናሙናው በፊት ባይጀመር ይመረጣል፤ ዕጢውን ስለሚያሟሟ ናሙናው ምንም ላያሳይ ይችላል። ለሳምንት ከተወሰደ በኋላ በድንገት አይቆምም፣ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ወጌሻ ይሽልን? ጸበልስ?

ወጌሻ በፍጹም። በካንሰር የሳሳ አጥንት ላይ መታሸትና መጎተት አንጓውን ይደረምሰዋል፤ ይህን የምንለው ወጌሻን ለመናቅ አይደለም። ጸበል ደግሞ ከሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል፤ መጠጣትም መረጨትም ይቻላል። የማይሆነው ታማሚውን በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ተሸክሞ ማውረድ፣ መድኃኒት ማስቆምና ሪፈሩን ለሱባኤ ማቆየት ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቤተሰብ ምን ያዘጋጅ?

ደም። ከአንድ ሊትር በላይ መፍሰሱ የተለመደ ነው፤ የኩላሊትና የእንቅርት ካንሰር ደግሞ እጅግ ይደማል፤ የሚቻል ከሆነ ለዕጢው ደም የሚያደርሱት ሥሮች ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይዘጋሉ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ከ45 ኪሎ የማያንሱ ጤነኛ ዘመዶች አብረው ይምጡ። ጠንካራ ምግብ ከስድስት ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ከሁለት ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ሆስፒታሉ ሌላ ካዘዘ የእሱ ይጠበቅ።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

ቁስል ማመርቀዝ ቀዳሚው ነው፤ በተለይ ቀደም ብሎ ጨረር የወሰደ፣ ዴክሳሜታዞን ላይ የቆየና የተመጣጠነ ምግብ ያጣ ሰው ላይ። ለዚህ ነው ሁለቱም የሚያስፈልጉት ታማሚ ቀዶ ሕክምናው ይቅደም፣ ጨረሩ ቁስሉ ሲሽር፣ ከቀዶ ሕክምናው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ይከተል የሚባለው። ጨረሩን ግን መተው አይቻልም፤ ብረቱ ያጸናል እንጂ የቀረውን ዕጢ አይገድልም፤ ጨረር ያልተከተለው ቀዶ ሕክምና በወራት ውስጥ ሊከሽፍ ይችላል። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማእከል ስለነበር ወረፋው ረጅም ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮው ገና አልጋ ላይ እያለ ይያዝ፣ «ከሻረ በኋላ እንመለሳለን» ተብሎ ወደ ጎጃም አይሄድ።

ሌሎቹ የነርቭ ሽፋን ተቀዶ ውኃ መፍሰስ፣ በእግር ደም መርጋት፣ የብሎን መላላት፣ አልፎ አልፎም የእግር መዛል መባስ ናቸው። ትኩሳት፣ ከቁስሉ ፈሳሽ፣ የአንድ እግር ባት እብጠት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም አዲስ መዛል ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መመለስ ነው።

ቤት ከተመለሰ በኋላስ?

የጉድጓድ መጸዳጃ ላይ ቁጢጥ ማለት ለሦስት ወር ያህል ይቅር፤ መሐሉ የተቀደደ የእንጨት ወንበር አሠርታችሁ ጉድጓዱ ላይ ወይም ባልዲ ላይ አስቀምጡ። መኝታው ከመደብ ከፍ ያለ አልጋ ይሁን፤ ከዝቅተኛ ቦታ መነሣት ወገብ ያጥፋል። ሲነሣ መጀመሪያ በጎኑ ይዙር፣ እግሩን ያውርድ፣ በክንዱ ተደግፎ ይቀመጥ። ማረስ፣ ውኃ መቅዳት፣ ማገዶ መሸከም የለም። መራመድ ግን በየቀኑ፤ መተኛት ደም ያረጋል። ስሜት የሌለው ሰው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር፣ ተረከዙና መቀመጫው በዓይን ይታይ። ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ወተት ቁስል ይሞላሉ። ስፌቱ ከ14 እስከ 21 ቀን ይወጣል።

ለአባታችን ካንሰር መሆኑን አልነገርነውም። ሐኪሙን «አትንገረው» ማለት እንችላለን?

የምትሉት ከፍቅር መሆኑ ይገባናል፤ በጎጃም አብዛኛው ቤተሰብ እንዲሁ ያደርጋል። ነገር ግን ቢላ የሚያርፈው በእሳቸው ገላ ላይ ነው፤ የፈቃዱን ወረቀት የሚፈርሙትም አእምሯቸው እስካለ ድረስ እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃቸው፤ ያልጠየቁትን ሁሉ መዘርገፍ ግዴታ የለም። «ልጆቼ ይስሙልኝ» ካሉ ያ መብታቸው ነው። ብዙ አዛውንቶች ግን አውቀውታል፤ ኑዛዜያቸውንና የመሬቱን ነገር ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋሉ።

«ቀዶ ሕክምና አይሆንም» ከተባለስ?

ሕክምናው አላለቀም። ጨረር በአንድ ወይም በጥቂት ቀን እንኳ ተሰጥቶ ሕመምን ይቀንሳል። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ለካንሰር ሕመም ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ ሱስ ያስይዛል ብላችሁ አትንፈጉ። በየአራት ሰዓቱ በሰዓቱ ይሰጥ እንጂ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅ፤ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶም ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ። ሽንት የማይወጣው ሰው ካቴተሩ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ይቀየር። በአቅራቢያችሁ ያለውን ሆስፒታል የማስታገሻ ክብካቤ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቁና ሞርፊኑ ሳያልቅ ከሦስት ቀን በፊት ሂዱ።